ወጥ ያለ ሽንኩርት

ከአያት እስከ ሜክሲኮ ያሉትን ሽንት ቤቶች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። የትኛው ካፌ ምንም ሳይገዙ እንደሚያስገባ፣ የትኛው ቁልፉን ካሸሯ ጋ እንደሚያስቀምጥ፣ የትኛው ሕንፃ ላይ ጥበቃው የሰው ፊት አይቶ እንደሚራራ፣ የትኛው ጋ ውሃ እንደማይኖር። መገናኛ አንድ ኬክ ቤት አለ። ኬኩን ቀምሼው አላውቅም። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ የማልጠጣውን የታሸገ ውሃ ገዝቼበታለሁ። በኋላ በኋላ አስተናጋጇ ገና በር ላይ ስታየኝ ቁልፉን ታቀብለኝ ጀመር። እንደምን አደርሽ የለ፣ ምን የለ። ሰላምታችን ቁልፉ ነበር።

እናቴ ጋ ነው የምኖረው። ሆዴን እንደሚያመኝ ታውቃለች። የኬክ ቤቱን ቁልፍ ግን አታውቅም። እኛ አገር ራስ ምታት ይወራል፣ ስኳር ይወራል፣ ኩላሊቱ ጠጠር ያወጣ ሰው ጠጠሩን በብልቃጥ ይዞ ያሳያችኋል። ስለ አንጀት ማውራት ግን ነውር ነው። ቢበዛ "ሆዴን ትንሽ አሞኛል" ይባላል፣ እሱም ፊትን አዙሮ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው። የኔው ሆድ እኔኑ ፈጀኝ እንጂ።

የተጀመረበትን ቀን ከሞላ ጎደል አስታውሳለሁ። 2010 ዓ.ም.፣ ጥር፣ የአክስቴ ልጅ ሠርግ። ክትፎው ለብለብ ነው ብለውኝ በላሁ። በማግስቱ ትኩሳት፣ ትውከት፣ ተቅማጥ። አምስት ቀን ተኛሁ፣ ግሉኮስ ተሰካልኝ፣ ተነሳሁ። ሰውነቴ ዳነ፣ ሆዴ ግን እዚያው ቀረ። ጠዋት ጠዋት ይቆርጠኛል፣ ሮጬ ሽንት ቤት ስገባ ይለቀኛል፣ ከሰዓት በኋላ እንደ ከበሮ ይወጠርና የቀሚሴን ዚፕ ቢሮ ውስጥ በድብቅ ዝቅ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሦስት ቀን ጭራሽ ድርቅ ብሎ ይቀመጣል።

ይህ የታወቀ መንገድ እንደሆነ ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ከባድ የአንጀት ኢንፌክሽን ከያዛቸው ሰዎች ከ10 አንዱ ገደማ፣ ጀርሙ ተጠራርጎ ከወጣም በኋላ አንጀቱ እንደተቆጣ ይቀራል። ያኔ ግን እኔ የማውቀው አሜባን ብቻ ነበር።

አሜባ ስንት ጊዜ "እንደተገኘብኝ" ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሰገራ እሰጣለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ "አሜባ አለ" እባላለሁ፣ ሜትሮኒዳዞሌን ይዤ እወጣለሁ። አፌ ብረት ብረት እያለኝ ሰባት ቀን እውጣለሁ። ትንሽ ይሻለኛል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሌላ ክሊኒክ እሄዳለሁ፣ ጃርዲያ ነው፣ ቲኒዳዞል። ሌላ ጋ ደግሞ ጨጓራ ነው፣ ኦሜፕራዞል። በአንድ ዓመት ውስጥ ስድስት ዙር። ልውቀሳቸው እንዴ? ትንሽ ልውቀሳቸው። አሜባም ጃርዲያም አገራችን ውስጥ በእርግጥ አሉ፣ መታከምም አለባቸው። ግን ስድስተኛው ላይ "ቆይ፣ ይህች ልጅ ለምን አይለቃትም?" የሚል አንድ ሰው መኖር ነበረበት።

የሰፈሩ ምክር ደግሞ ሌላ ነው። ኮሶ ነው ያለ አለ፣ ቡዳ ነው ያለችም አለች። አንዲት ጎረቤታችን ነጭ ሽንኩርት በማር ለውሼ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ እንድበላ አዘዘችኝ። ሦስት ወር በላሁ። እያመመኝ በላሁ፣ መድኃኒት ስለሆነ ነው ብዬ። አሁን ሳስበው ሳቄ ይመጣል፣ ለኔ አንጀት ከነዚህ ከሁለቱ የከፋ ጥንድ ቢፈለግ አይገኝም።

ትልቁ ስህተቴ ግን እንጀራ መተዌ ነበር። ሆዱን የሚያመው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚከሰው እንጀራን ነው መሰለኝ። "ኮምጣጣ ነው"፣ "እርሾው ነው"፣ "ሆድሽ ውስጥ ገብቶ ይቦካል"። እኔም አመንኩ። አንድ ዓመት ከምናምን ዳቦ፣ ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ቁርስ ላይ ጨጨብሳ። ባሰብኝ። እየባሰብኝ ደግሞ "እንጀራ ባልተው ኖሮ ምን ልሆን ነበር!" እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ሰው እንዲህ ነው፣ የተሳሳተውን ከሳሽ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ወተትንም በዚያው ሰሞን አብሬ ተውኩ፣ ማስረጃ አልነበረኝም፣ ሁሉም ሰው "ወተት ለሆድ አይሆንም" ስለሚል ብቻ።

በ2013 ዓ.ም. ነው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ገፋፍታ የአንጀት ስፔሻሊስት ጋ የወሰደችኝ። ዶክተሩ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጠየቀኝ። ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት የጠየቀኝ ሐኪም የለም። ከመሳቢያው አንድ ሥዕል አወጣ፣ ሰባት ዓይነት ሰገራ በቁጥር ተደርድሮ፣ ከጠጠሩ እስከ ውሃው። ብሪስቶል የሚባለው ሠንጠረዥ ነው፣ እንግሊዝ አገር የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ። "ያንቺ የትኛው ነው?" አለኝ። በሰላሳ ዓመቴ፣ ቀለበት ያደረገ ወንድ ፊት፣ በጣቴ 1ን እና 6ን አሳየሁት። ሳቄን መያዝ አቃተኝ፣ እሱም ሳቀ፣ ከዚያ በኋላ ማውራት ቀለለኝ።

የጠየቀኝን ልንገራችሁ፣ ለእናንተም ስለሚሆን። ሰገራዬ ላይ ደም አይቼ አውቅ እንደሆነ። ሳላስበው ከስቼ እንደሆነ። ተቅማጡ ሌሊት ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኝ እንደሆነ። ትኩሳት፣ ደም ማነስ። ከቤተሰብ የአንጀት ካንሰር የያዘው ሰው እንዳለ። ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ አዲስ የሚጀምር ከሆነም ነገሩ ሌላ ነው አለኝ። ከነዚህ አንዱ ያለባችሁ ሰዎች ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ፣ የኔ የሽንኩርት ወሬ አይጠቅማችሁም።

እኔ ጋ አንዱም የለም። የደም ምርመራውም፣ የሰገራውም፣ ሁሉም ንጹሕ። "አይቢኤስ ይባላል፣ የአንጀት መቆጣት ማለት ነው" አለኝ። ላለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን የሆድ ሕመም፣ ሕመሙ ከሽንት ቤት ጋር የተያያዘ፣ የሰገራው ብዛትና መልክ የተለዋወጠ፣ ነገሩ ከጀመረ ስድስት ወር ያለፈው። ሐኪሞቹ የሮም መስፈርት የሚሉት ነገር አላቸው፣ እሱን ነው የነገረኝ። እኔ "ምንም የለሽም" ሊለኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር። "ምርመራው ንጹሕ ነው፣ አንቺ ግን እውነትም ታመሻል፣ አንጀትሽ ቅርጹ ደህና ነው፣ ሥራው ነው የተበላሸው" አለኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያመኛል ብዬ ያመነኝ ሰው መኖሩ ነው መሰለኝ ያስለቀሰኝ።

ከዚያ "ምን ትበያለሽ?" አለ። የሳምንቱን ዘረዘርኩለት። ዳቦ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ፓስታ በስጎ፣ ጠዋት ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ከሰዓት ማንጎ ጁስ። ወረቀት ላይ እየጻፈ ነበር። ብዕሩን አስቀመጠና "ሆን ብሎ ሆዱን ሊያሳምም የተነሳ ሰው እንኳን እንዲህ አያሳካለትም" አለኝ።

ፎድማፕ የሚባል ነገር አለ። ቃሉን ያወጡት አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ያለው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2005። ትንሹ አንጀት በደንብ የማይመጥጣቸው የስኳር ዓይነቶች የጋራ ስም ነው። ሳይመጠጡ ያልፉና ውሃ እየሳቡ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፣ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ልክ እናቴ ሊጥ እንደምታቦካው ያቦኳቸዋል። ሊጡ ኩፍ ይላል፣ ሆድም ኩፍ ይላል። ይህ ማንም ሰው ላይ የሚደርስ ነው፣ ሽሮ ያልነፋው ሰው አለ እንዴ? ልዩነቱ እኔ ጋ ያለው ነርቭ ነው። ሌላው ሰው በፈስ የሚገላገለውን የኔ አንጀት እንደ ቢላ ይሰማዋል።

የነዚህ ስኳሮች መናኸሪያ የት ነው ካላችሁ፣ ሽንኩርት። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት። ከዚያ ስንዴና ገብስ። ከዚያ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር። ወተት ውስጥ ላክቶስ አለ። ማር፣ ማንጎ፣ ሐብሐብ፣ አፕል ውስጥ ደግሞ ፍሩክቶስ ይበዛል። ዝርዝሩን ሳየው የኛን ጓዳ የቆጠሩት መሰለኝ። ሽሮን ብቻ አስቡት፣ ዱቄቱ አተር ወይ ሽምብራ፣ ሲፈጭ ነጭ ሽንኩርት አብሮ ገብቶበታል፣ ሲሠራ ቀይ ሽንኩርት ቁሌት አለው፣ ሲያልቅ ነጭ ሽንኩርት ጣል ይደረግበታል፣ ከዚያ ደግሞ እኔ በዳቦ እበላዋለሁ። የከሰስኩት ጤፍ ግን ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። እነዚያ ስኳሮች እንደ ስንዴና ገብስ አይበዙበትም፣ ሁለት ሦስት ቀን ደግሞ ሊጡ ውስጥ ቀድሞ ቦክቷል። ሆዴ ውስጥ ሊሠራ የነበረውን ሥራ ቡሃቃው ውስጥ ጨርሶ ነው የሚመጣው።

የዚያን ዕለት ማታ እንጀራ በላሁ። በባዶው፣ በትንሽ ዘይትና ጨው። ከዓመት በላይ የራቀኝ ሰው ቤት የመጣ ነው የመሰለኝ። ልብ በሉ ግን፣ ገበያ ላይ ያለው እንጀራ ሁሉ ጤፍ አይደለም። ጤፍ ከተወደደ ወዲህ ስንዴውም፣ ገብሱም፣ ሩዙም ይገባበታል። ሩዙ አይጎዳኝም፣ ስንዴውና ገብሱ ናቸው ጣጣ። አሁን የምንገዛው ከአንዲት ከምናውቃት ጋጋሪ ነው፣ ምን እንደቀየጠች በእውነት ትነግረናለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት እነዚያን ምግቦች በሙሉ ታቆማላችሁ። ከተሻላችሁ አንድ በአንድ ትመልሳላችሁ፣ የትኛው እንደሚያምና ስንት እንደሚያም ታያላችሁ። ዶክተሩ አስምሮ የነገረኝ አንድ ነገር ነበር፣ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ተቸንክሮ መቅረት የለም። ጥሩዎቹን ባክቴሪያዎችም የሚመግቧቸው እነዚሁ ምግቦች ናቸውና ለዘላለም ከተተዉ ሌላ ጉዳት አለው። ሁሉንም ሰው እንደማይረዳም አልደበቀኝም።

እሺ፣ ለእናቴ ማን ይንገራት?

"ሽንኩርት የሌለበት ወጥ?" አለች። ድስቱን አስቀምጣ ዞራ አየችኝ። "ምን ልሥራልሽ ታዲያ፣ ውሃ በበርበሬ ልቀቅልልሽ?" እናቴ ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት የምትከትፍ ሴት ናት። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት እያማሰለች እስኪሟሽሽ አንድ ሰዓት የምትቆም፣ የሰው ወጥ ቀምሳ "ሽንኩርቱ አልበሰለም" ብላ ማንኪያውን የምታስቀምጥ። ሽንኩርትሽ ያሳምመኛል ማለት እጅሽ ያሳምመኛል እንደማለት ሆነባት። ሁለት ቀን አኩርፋኛለች።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ዛላ በርበሬ ጸሐይ ላይ ተሰጥቷል። ነገሩ ለካ ገብቷታል፣ ከኔ በላይ ገብቷታል። እኔ የድስቱን ሽንኩርት ነበር የማስበው፣ እሷ ግን የበርበሬያችን ዕቃ ውስጥ ራሱ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ተደልዞ እንዳለበት አስታወሰች። "ይሄንን ሁሉ ዓመት በማንኪያ ስሰጥሽ ኖሬያለሁ" አለች። ለኔ ብቻ ሁለት ኪሎ በርበሬ በቆሪሪማ፣ በጥቁር አዝሙድ፣ በነጭ አዝሙድ፣ በዝንጅብልና በበሶብላ አስፈጨችልኝ። ዕቃው ላይ ስሜ ተለጥፏል። እስከዛሬ አለ።

ከዚያ የሁለታችን ሙከራ ተጀመረ። ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ጣጣ፣ ፍሩክታን የሚሉት ስኳር፣ በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ስለዚህ ፍሬውን ሳይከተፍ ዘይት ውስጥ ጠበስ አድርጎ፣ ውሃ ሳይነካው አውጥቶ መጣል ነው። ሽታው ይቀራል፣ ሕመሙ ይሄዳል። የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴ ቅጠሉ አይጎዳም፣ የሚጎዳው ነጩ ነው። ገበያ ላይ ሻጮቹ ያንን ቅጠል ቆርጠው ይጥሉታል፣ እኔ ስጠይቃቸው ለበግ ነው የመሰላቸው። ወጡ ገላ እንዲኖረው ካሮት በደቃቁ ፍቀን አበሰልን። የመጀመሪያው መጥፎ ነበር፣ እንዋሽ ካልተባለ በቀር። ሁለተኛው የሕፃን ምግብ መሰለ። አራተኛው ላይ እናቴ ቀምሳ ምንም አላለችም። ምንም ካላለች ጥሩ ነው ማለት ነው።

ምስርን ለተወሰነ ጊዜ ተውኩ። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቆስጣ፣ አበሻ ጎመን፣ ቲማቲም። ፍራፍሬ ሲያምረኝ ብርቱካንና ፓፓያ። ቅባቱንና ሚጥሚጣውንም ቀነስኩ። እነሱ ሌላ ታሪክ ናቸው፣ ፎድማፕ አይደሉም፣ ግን ቅቤ የበዛበት ነገር በበላሁ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሆዴ ለሩጫ ይዘጋጃል። ደብተር ገዛሁ። የበላሁትን፣ ሰዓቱን፣ ሕመሙን ከ10 ስንት እንደሆነ፣ የብሪስቶሉን ቁጥር እጽፋለሁ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ይህ ክፍል ደስ ብሎኛል።

በ11ኛው ቀን ጠዋት መገናኛን አለፍኩ። ማለፌን ልብ ያልኩት ሜክሲኮ ስደርስ ነው። ኬክ ቤቱን አላየሁትም፣ አላሰብኩትም። ታክሲው ውስጥ ያጫወተኝን ሰውዬ ወሬ እየሰማሁ ነበር የመጣሁት። ከታክሲ ወርጄ ትንሽ ቆምኩ፣ አንድ ዕቃ የረሳሁ ያህል።

ሰው ፊት መብላት ግን ሌላ ፈተና ነው። የኛ ማዕድ አንድ ነው። ሰሃን ለየብቻ የሚበላበት አገር ሰው "ይህን አልበላም" ብሎ ዝም ይላል፣ እኛ ጋ ጉርሻው እጅ ላይ ተንጠልጥሎ "በሞቴ!" ይባላል፣ "አፈር ስሆን!" ይባላል። ሰው ሞቱን እየጠራላችሁ ስለ ፍሩክታን ታስረዳላችሁ? እኔ ዋሸሁ። ማክሰኞ ቀን "ጾመኛ ነኝ" ብዬ አውቃለሁ። አንዷ የቢሮ ልጅ "የምን ጾም?" ስትለኝ "የስእለት ነው" አልኳት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። "ዳየት ነሽ እንዴ?" አለ፣ "ከስተሻል እኮ" አለ፣ "ፈረንጅ ሆንሽ" አለ። በመጨረሻ ሰልችቶኝ እውነቱን ተናገርኩ። አይቢኤስ አለብኝ፣ ሽንኩርት ያስቀምጠኛል አልኩ፣ በዚሁ ቃል፣ ምሳ ላይ። ጸጥ አሉ። ከዚያ አንዱ፣ ከሁላችንም ዝምተኛው፣ ከምሳ በኋላ ተከትሎኝ ወጣና "የኔም እንደዚያው ነው፣ መገናኛ ያለውን ኬክ ቤት ታውቂዋለሽ?" አለኝ።

ጾሙን ልንገራችሁ። ለዓመታት ሁዳዴ ሲገባ ለምን እንደሚብስብኝ አላውቅም ነበር። 55 ቀን ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ፣ ከዚያ አንዴ ጥግብ። ባዶ ቆይቶ አንዴ መሙላት ራሱ አንጀትን ይነቀንቀዋል፣ ሲጨመርበት ጥራጥሬው አለ። ቅዳሴ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ ባለበት የኔ ሆድ ብቻውን ይጮኻል። ኃጢአቴ ነው የሚጮኸው ብዬ ያሰብኩበትም ቀን ነበር። በመጨረሻ የንስሐ አባቴን አማከርኳቸው። "አባ፣ ሽሮና ምስር ያመኛል፣ ስቆይም ይብስብኛል" አልኳቸው። "ታዲያ ጾም ሽሮ ብዪ አለሽ እንዴ?" አሉኝ። "ድንች ብዪ፣ ጎመን ብዪ። ሰዓቱን እንደ አቅምሽ አድርጊው፣ ለታመመ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።" በሁለት ደቂቃ ጨረሱት። እኔ ስንት ዓመት ፈርቼ!

ቡናስ ትሉኝ ይሆናል። የእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው፣ ሻይና ቡና በቀን ከ3 ኩባያ አይብለጥ ይላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ! ሲኒያችን ደግሞ ከነሱ ኩባያ ያንሳል፣ ስለዚህ ሕጉን አልጣስኩም። በባዶ ሆድ ግን አይሆንልኝም። ያው መመሪያ ሆዱ ለሚነፋ ሰው አጃና ተልባ ይመክራል፣ ተልባውን በቀን እስከ አንድ የሾርባ ማንኪያ። አያቴ ይህን ብትሰማ ምን እንደምትል አውቃለሁ። ስንት ዓመት ተልባ በጥብጣ "ጠጪ" ስትለኝ ያንገፈገፈኝን ነገር እንግሊዞች ጽፈውት ሲመጣ በደስታ ጠጣሁ። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው።

ምግብ ሁሉንም አይፈታውም። ሐምሌ ሲመጣ፣ ሒሳብ ተዘግቶ ኦዲተር ሲገባ፣ ሩዝና ድንች ብቻ ብበላም ይቆርጠኛል። አንጀት የራሱ ነርቭ አለው፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሴሎች፣ ከጭንቅላት ጋር ቀን ከሌት ይነጋገራሉ። አማርኛ ይህን ከድሮ ጀምሮ የሚያውቅ ቋንቋ ነው ማለት ነው። ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ ሆደ ባሻ፣ አንጀቴን በላችው። አንድም ቀን "ጭንቅላቴን ባር ባር አለኝ" ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሐምሌ ላይ ቶሎ እተኛለሁ፣ ከሜክሲኮ ጥቂት በእግሬ እሄዳለሁ፣ ያልፋል።

ምግቦቹን የመመለሱን ነገር በአምስተኛው ሳምንት ጀመርኩ። ለአንድ ምግብ ሦስት ቀን፣ በየቀኑ መጠኑን እየጨመሩ፣ ከዚያ ጥቂት ቀን እረፍት። ወተት ምንም አላደረገኝም። ምንም! ስንት ዓመት ማኪያቶ የሚጠጡ ሰዎችን እያየሁ ስቃጠል የኖርኩት በከንቱ ነው። አንድ ትንሽ ዳቦ ደህና ነው፣ ሁለት አይሆንም። ምስር ዘፍዝፌ፣ ቀቅዬ ውሃውን ከደፋሁት ሦስት ማንኪያ እበላለሁ፣ እናቴ "ጣዕሙን ደፋሽው" ትላለች። ማንጎ አይሆንም። ማር አይሆንም። ነጭ ሽንኩርት ፈጽሞ አይሆንም። ቀይ ሽንኩርት በመጀመሪያው ቀን ሩብ፣ በሁለተኛው ግማሽ፣ በሦስተኛው አንድ ሙሉ ብዬ ነበር የሞከርኩት፣ በሦስተኛው ቀን ማታ ወለል ላይ ተኝቼ አደርኩ። ደብተሬ ላይ "ሽንኩርት ✗" ብዬ ጻፍኩና ዘጋሁት።

እናቴ ግን አልዘጋችውም ነበር።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ወጡ ጣፈጠኝ። ከሁልጊዜው የተለየ። "እማዬ ዛሬ ምን ጨመርሽበት?" ብላት "ምንም፣ እጄ ነው" አለችኝ። ረሳሁት። ከዚያ ባለፈው እሁድ ቆሻሻ ላወጣ ስል ፌስታሉ ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭ አየሁ። ይዤው ኩሽና ገባሁ።

"ግማሽ ናት" አለች፣ ሳትዞር። "ለሙሉ ድስት ግማሽ። እሷንም እስክትጠፋ ነው የማበስላት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሦስት ሳምንት ይሆናል። ሞትሽ?"

ተናደድኩ፣ በጣም ተናደድኩ፣ ክፍሌ ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩ። ሦስቱን ሳምንት ቀን በቀን አየሁት። ሕመም 1፣ 0፣ 1፣ 2 (ይሄ የአለቃዬ ስብሰባ ቀን ነው)፣ 0፣ 0። ግማሽ ሽንኩርት ለአንድ ድስት፣ ድስቱ ለሁለት ሰው ሦስት ቀን ይበላል፣ አካፍዬ አየሁት፣ ለኔ በቀን የሚደርሰኝ ከአንድ ሽንኩርት አሥራ ሁለት እጅ አንዱ ነው። እኔ ከሩብ ነበር የጀመርኩት፣ ከሩብ በታች ያለውን አልሞከርኩትም።

ተመልሼ ገባሁ። "እሺ፣ ግማሽ ይሁን" አልኳት።

"አንድ ትንሽዬ ላድርገው?"

"ግማሽ፣ እማዬ።"

"እሺ፣ እሺ፣ ግማሽ።"

ትናንት ማታ ፌስታሉን ከፍቼ አየሁ። ልጣጩ የአንድ ሙሉ ነው። የዛሬውን ደብተሬ ላይ ገና አልጻፍኩም።